ባለመብቱ ማን ነው?

በባንክ ሥራ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከስሕተት ሁሉ የሚያስጨንቀው የአንዱ ገንዘብ በሌላው ሒሳብ ገብቶ መገኘቱ ነው። ድምሩ ልክ ነው፤ መዝገቡም ይመዛዘናል፤ የተበደለው ባለመብቱ ብቻ ነው። ለአንድ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት «በክዋይ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ» ስለተሰኘው ፊልም የተጻፈውን ሳመሳክር ያገኘሁት ይህንኑ የመሰለ ስሕተት ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ወለዱን ፈረንሳዊው ፒየር ቡል በ1952 አሳተመው፤ በ1957 ደግሞ ዴቪድ ሊን በፊልም አቀረበው። በ1958 ፊልሙ ሰባት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያገኝ፣ ለፊልሙ ጽሑፍ የተሰጠው ሽልማት የወጣው በቡል ስም ነበር። እርሱ በቦታው ስላልነበረ ተዋናይቷ ኪም ኖቫክ ተቀበለችለት። ይሁን እንጂ ቡል በፊልሙ ጽሑፍ እጁ አልነበረበትም። በመጀመሪያ ካርል ፎርማን፣ ከዚያም ማይክል ዊልሰን ናቸው የጻፉት። ሁለቱም በዚያን ዘመን በኮሚኒስትነት ተፈርጀው ሆሊውድ በሩን የዘጋባቸው፣ አገራቸውንም ትተው አውሮፓ የገቡ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው ተፈለገ፤ ስማቸው ግን ተፈራ።

መጽሐፉንና ፊልሙን ጎን ለጎን ያነበበና ያየ ሰው የሌላ እጅ መኖሩን መጠርጠሩ አይቀርም። በመጽሐፉ መጨረሻ ድልድዩ አይፈርስም፤ በፊልሙ ግን ከነባቡሩ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ተመልካች ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ያ ፍንዳታ ከቡል ብዕር የወጣ አልነበረም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ንጋት በራሱ ጊዜ ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይሻል። የሽልማቱ አካዳሚ ለሁለቱ ጸሐፊዎች ዕውቅና የሰጠው በ1984 ነው፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዊልሰን በ1978 ዐርፎ ነበር፤ ፎርማንም በዚያው በ1984 ሞተ። ሐውልቱን በእጁ የጨበጠ አንዳቸውም የለም። ፊልሙ ታድሶ በወጣባቸው ቅጂዎች ላይ ግን ስማቸው ተጽፏል።

ታዲያ የመዝገበ ዕውቀቱን ጽሑፍ ሳርም የቡልን ስም ሰርዤ የሁለቱን ልተካ ቃጣኝ። ነገር ግን እኛ የባንክ ሰዎች የተሳሳተ ቁጥር አንፍቅም፤ የማስተካከያ ምዝገባ እንሠራለታለን እንጂ። ስሕተቱም እርማቱም ከነቀናቸው ለኋለኛው መርማሪ ይቆዩለታል። ስለዚህ «በ1958 ለቡል ተሰጠ፤ የጻፉት ግን ፎርማንና ዊልሰን ናቸው፤ በ1984 ታረመ» ብዬ አሰፈርሁ። የቡልን ስም ጨርሶ ብፍቀው ኖሮ፣ ሁለት ሰዎች ስማቸውን የተነጠቁበት ዘመን ራሱ አብሮ በተፋቀ ነበር።