ንድፍ ከየት ይነሣል? የሦስት የሐርቫርድ ተማሪዎች ሙግት

አንድ የመልክዐ ምድር ንድፍ ተማሪ ለሕዝብ የሚሆን መናፈሻ እንዲነድፍ ሲታዘዝ በባዶው ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሚያሰምረው ምንድን ነው? ጥያቄው ከመማሪያ ክፍል የማያልፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ በ1930ዎቹ ዓመታት፣ በአሜሪካ አገር በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ጥያቄ የተነሣ መምህራንና ተማሪዎች ተጋጭተዋል፤ አንድ ተማሪም ከትምህርቱ ተሰናብቷል። ዛሬ የመናፈሻና የአደባባይ ንድፍ የሚማር ወጣት ቦታውን ሳያጠና፣ ማን እንደሚገለገልበትም ሳይጠይቅ እርሳስ እንዳያነሣ የሚመከረው በከፊል ያ ሙግት ትቶት ካለፈው ቅርስ የተነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሙያው በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው በዚያው በሐርቫርድ በ1900 ነበር። ትምህርቱን ያደራጀው ታናሹ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ሲሆን፣ አባቱ ከካልቨርት ቮ ጋር በመሆን የኒው ዮርክን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው ስመ ጥር ሰው ነው። አባትየው ሴንትራል ፓርክን ሲነድፍ ይዞት የተነሣው ሐሳብ በከተማ ጭስና ግርግር የተጨነቀ ሠራተኛ ሕዝብ የሚያርፍበት ሥፍራ ያስፈልገዋል የሚል ነበር። የሚያስገርመው ግን፣ ሙያው ከሥራ ሜዳ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ይህ መነሻ እየደበዘዘ መሄዱ ነው። በ1917 ሄንሪ ቪንሰንት ሃባርድና ቴዎዶራ ኪምቦል ያሳተሙት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የተማሪው ዋነኛ መመሪያ ሆኖ ቆየ። መጽሐፉ በዕውቀት የተጻፈ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ንድፍን በየስልቱ እየለየ የሚያስተምር ስለነበር፣ ተማሪው ሁለት በሮች ከፊቱ ተከፍተው ያገኛል፤ አንደኛው በቀጥታ መስመርና በተመጣጠነ ቅርጽ የሚመራው ሥርዓታዊ ስልት፣ ሁለተኛው የተፈጥሮን ጠመዝማዛ ገጽታ የሚከተለው ስልት ነው።

የንድፉ ሂደት በዚሁ መሠረት ይጓዛል። መምህሩ ርእሱን ይሰጣል። ርእሱ ብዙውን ጊዜ የባለጸጋ ርስት ወይም ግርማ ያለው መናፈሻ ነው። ተማሪው ከሁለቱ ስልቶች አንዱን ይመርጣል፤ ሥርዓታዊውን ከመረጠ ሙያተኞች አክሲስ የሚሉትን ማዕከላዊ መስመር ያሰምራል፤ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፤ በመጨረሻም የተዘጋጀውን ቅርጽ በዕፅዋት ይሞላዋል። ሰው በሥዕሉ ላይ ቢታይ እንኳ የዛፉንና የደረጃውን መጠን ለማሳየት ያህል ነው። ይህ አሠራር እጅን እንደሚያፍታታ፣ ዓይንንም ምጥጥን እንደሚያስተምር የቀድሞዎቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸው በኋላ ዘመናቸው አልሸሸጉም። ጉድለቱ ሌላ ነበር። መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

በ1936 ሦስት ወጣቶች በዚህ ትምህርት ቤት ተገናኙ። ጋሬት ኤክቦ ያደገው በካሊፎርኒያ ሲሆን በ1935 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል። ወደ ሐርቫርድ ከመምጣቱ በፊት በደቡብ ካሊፎርኒያ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ተቀጥሮ፣ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 100 ለሚጠጉ የመኖሪያ ቤት ግቢዎች ንድፍ ሠርቷል። ስለዚህ ነጻ የትምህርት ዕድል አሸንፎ ሲመጣ የደንበኛን ጥያቄ፣ የአፈርን ጠባይና የገንዘብን እጥረት በእጁ የዳሰሰ ሰው ነበር። ዳን ኪሊ የቦስተን ልጅ ነው። የትልቁ ኦልምስቴድ ረዳት በነበረው በዋረን ማኒንግ ቢሮ እየሠራ የሚማር በመሆኑ፣ ጧት የሚሰማውን ከሰዓት በኋላ በሥራ ላይ ይፈትነው ነበር ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ጄምስ ሮዝ ከሁለቱም ይልቅ ግትር ነበር።

በዚያው ዓመት ዲን ጆሴፍ ሃድነት የአርክቴክቸርን፣ የመልክዐ ምድር ንድፍንና የከተማ ፕላንን ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። በ1937 ደግሞ የባውሐውስ መሥራች ዋልተር ግሮፒየስ ከአውሮፓ መጥቶ አርክቴክቸርን ማስተማር ጀመረ። እዚህ ላይ ሁኔታው ግልጽ ሆነ። በአንደኛው ክፍል ያሉት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሕንፃው ምን ያገለግላል፣ በምንስ ይሠራል ብለው ሲጠይቁ፣ በአጠገባቸው ያሉት የመናፈሻ ተማሪዎች ያለፉትን ዘመናት ስልቶች እየገለበጡ ቀሩ። መምህራኑ ዛፍ በፋብሪካ አይሠራምና የዘመኑ ለውጥ እኛን አይመለከትም የሚል አቋም ነበራቸው። ሦስቱ ተማሪዎች ግን ያላገኙትን ከጎረቤት ፍለጋ ሄዱ። ኤክቦ የሃባርድንና የኪምቦልን መጽሐፍ ሲያነብ በየኅዳጉ ተቃውሞውን ያሰፍር ነበር።

ተቃውሞ ብቻውን ንድፍ አይሆንም። የኤክቦ ብልሃት የታየው ገና ተማሪ ሳለ፣ በመስከረም 1937 ፔንሲል ፖይንትስ በተባለው የሙያ መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት ነው። በአንድ የከተማ ክልል ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጠባብ ቦታዎችን ወስዶ 18 ልዩ ልዩ የአትክልት ሥፍራዎችን ነደፈባቸው። የቦታው ሁኔታ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አሥራ ስምንቱ ንድፎች አንዱ ሌላውን አይመስሉም። በዚህም ሁለቱ በሮች ብቻ አሉ የሚለውን ትምህርት በክርክር ሳይሆን በሥራ አፈረሰው። ደረጃው፣ ግንቡ፣ የተከረከመው ቁጥቋጦና ውኃው ጌጥ መሆናቸው ቀርቶ ሰው የሚያልፍበትን፣ የሚቀመጥበትንና ከዓይን የሚሰወርበትን ክፍት ቦታ የሚከፋፍሉ መሣሪያዎች ሆኑ። በ1938 ባቀረበው የመመረቂያ ሥራ ደግሞ ከግል ግቢ ወደ ጋራ ሥፍራ ተሻገረ። ኮንቴምፖቪል ብሎ የሰየመው ይህ ምናባዊ ሠፈር በሎስ አንጀለስ የሚገኝ ሆኖ፣ ቤቶቹ የየራሳቸው ግቢ ሲኖራቸው ሁሉም ወደ አንድ የጋራ መናፈሻ የሚዞሩ ነበሩ።

ሮዝ በበኩሉ የታዘዘውን በታዘዘው ስልት አልሠራም በማለቱ በ1937 ከትምህርት ቤቱ ተሰናበተ። ስንብቱ አፉን አላዘጋውም። በ1938 በዚያው መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ። በተለይ የዕፅዋትን ነገር በሚመለከት ያነሣው ሐሳብ ክብደት አለው። በቀድሞው አሠራር ዕፅ የሚመረጠው ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ሮዝ ግን ቅርጹ ራሱ ከዕፁ ባሕርይ፣ ማለትም ከቁመቱ፣ ከስፋቱ፣ ከጥላውና ከዕድገቱ ሊመነጭ ይገባል አለ። ነገሩ በሕንፃ ሥራ ድንጋይን እንደ እንጨት አድርገህ አትሥራ እንደማለት ነው። ከዚያም ሦስቱ ጓደኛሞች በ1939 እና በ1940 አርኪቴክቸራል ሬኮርድ በተባለው መጽሔት ሦስት ጽሑፎችን በኅብረት አሳተሙ፤ አንዱ ስለ ከተማ፣ ሁለተኛው ስለ ገጠር፣ ሦስተኛው የሰው እጅ ስላልነካው ምድር ነው። በነዚህ ጽሑፎች መናፈሻ የባለሀብት ማዕረግ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ መኖሪያ ቤትና እንደ ንጹሕ ውኃ ሁሉ መጠኑና ርቀቱ ታስቦ ለሕዝብ የሚዳረስ አገልግሎት ሆኖ ቀረበ።

ይህ ሁሉ እስካሁን ወረቀት ነው። እውነተኛው ፈተና የመጣው ኤክቦ በ1939 ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሶ፣ የእርሻ ዋስትና አስተዳደር በተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሳን ፍራንሲስኮ ቅርንጫፍ በተቀጠረ ጊዜ ነበር። በድርቅ፣ በአቧራ ማዕበልና በዕዳ ከመሬታቸው የተነቀሉ ቤተሰቦች ሥራ ፍለጋ በብዙ ሺህ ወደ ምዕራብ ፈልሰው በየመንገዱ ዳርና በየቦዩ አጠገብ ሠፍረው ነበር። ጆን ስታይንቤክ በዚያው በ1939 ባሳተመው ልብ ወለድ ያስታወቃቸው ሰዎች እነዚሁ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ መጠለያ፣ መታጠቢያና የመሰብሰቢያ አዳራሽ ያላቸው ሠፈሮችን ያቋቁምላቸው ነበር። የኤክቦ ድርሻ በነዚህ መጠለያዎች መካከል ያለውን ባዶ መሬት የሰው መኖሪያ ማድረግ ሆነ።

ባዶው መሬት ደግሞ በእርግጥ ባዶ ነው። በካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ የበጋው ሐሩር ኃይለኛ ነው፤ ሜዳው ዝርግ ነው፤ ነፋሱ የሚያግደው የለም። ለጌጥ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ሐውልት፣ ፏፏቴ፣ የድንጋይ ደረጃ የሚባል ነገር አይታሰብም። የነበረው ችግኝና ውኃ ብቻ ነው። ኤክቦ በተማሪነቱ በወረቀት የፈተነውን ዘዴ በዛፍ ሠራው። የነፋስ መከላከያ የሚሆኑትን ዛፎች በረድፍ ተከለ፤ ረድፎቹ ግን ቦታውን እንደ ሳጥን ከድነው አይዘጉትም፤ አንዱ ረድፍ ሌላውን አልፎ ይሄድና በመካከላቸው ለልጆች መጫወቻ፣ ለአዋቂዎች መሰብሰቢያ፣ ለኳስ ሜዳ የሚሆን ቦታ ይከፈታል። ረጃጅሙ ዛፍ ነፋሱን ይገታል፤ ዝቅ ያለው ጥላ ይሰጣል። በመሥሪያ ቤቱ በቆየባቸው ዓመታት ከካሊፎርኒያ እስከ ቴክሳሱ ዌስላኮ ድረስ ወደ 50 በሚጠጉ ሠፈሮች ንድፍ ተሳትፏል። ጦርነቱ መጥቶ የመንግሥት ትኩረት ወደ ሌላ ሲዞር ሥራው አበቃ። ከሠፈሮቹም አብዛኞቹ በነበሩበት መልክ አልቆዩም። ሆኖም በሙያው ታሪክ ውስጥ፣ ለወትሮው ንድፍ አውጪ ሊቀጥር ቀርቶ የሚያርፍበት ዛፍ ላልነበረው ሰው የባለጸጋን ያህል ታስቦ የተነደፈበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የሰዎቹ የኋላ ጉዞ አንድ ዓይነት አልሆነም። ኪሊ በጦርነቱ ማብቂያ ወደ ጀርመን ተልኮ የኑረምበርግን የችሎት አዳራሽ ካዘጋጀ በኋላ በፈረንሳይ የአንድሬ ለኖትርን ጥንታዊ አትክልቶች አየ። በተማሪነቱ ያንገሸገሸው ቀጥታ መስመርና የዛፍ ረድፍ እዚያ በአካል ሲያገኘው ልቡን ማረከው። ከዚያ በኋላ በሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች፣ በ1980ዎቹ በዳላስ በውኃ መካከል ዛፎችን ባሰለፈበት በፋውንቴን ፕሌስ አደባባይ ጭምር፣ መስመሩ ተመልሶ ነግሧል። ይህን እንደ ክሕደት የሚቆጥሩ አሉ። ነገር ግን የሐርቫርዱ ጠብ ከቀጥታ መስመር ጋር አልነበረም። መስመሩ ከመጽሐፍ ሲገለበጥና ከቦታው ሲነሣ አንድ አይደለም።

ኤክቦ ደግሞ ንድፍ ብቻውን የማያሸንፋቸውን ኃይሎች ገጠመ። ከጦርነቱ በኋላ በካሊፎርኒያ ላዴራ በሚባል ቦታ የተቋቋመ የቤት ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጋራ መናፈሻ ያለው መንደር አስነድፎት ነበር። ማኅበሩ ጥቁሮችን የሚያገል ደንብ አላወጣም በማለቱ የመንግሥት የብድር ዋስትና ተከለከለና የታሰበው ሳይሆን ቀረ። በ1964 በፍሬዝኖ ከተማ የነደፈው ፉልተን ሞል የተባለው የእግረኞች ጎዳና ውኃ፣ ጥላና የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች የሞሉበት ነበር፤ ዳሩ ግን ንግዱ መኪናን ተከትሎ ወደ ከተማው ዳርቻ ስለሸሸ እየተዳከመ ሄደና በ2017 ለተሽከርካሪ ተከፈተ። ጎዳናውን ያዳከመው የንድፉ ጉድለት ነው ብሎ መፍረድ ያስቸግራል። መንገድና ገበያ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው መናፈሻ ነዳፊው አልነበረምና።

በ1981 የፀደይ ወራት ኤክቦ፣ ዕድሜው ከ70 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በዋሽንግተን በቬትናም ጦርነት ለሞቱና ለጠፉ የአሜሪካ ወታደሮች ለሚቆመው መታሰቢያ በተደረገው ውድድር ከስምንቱ ዳኞች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ከዳኞቹ መካከል ሌላው የመልክዐ ምድር ንድፍ ሊቅ ሂዴኦ ሳሳኪ ነበር። የቀረቡት 1,421 ሥራዎች ስም ያልተጻፈባቸው ሲሆኑ በአንድ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ተደርድረው ታዩ። በሙሉ ድምፅ የተመረጠው በቁጥር 1026 የተመዘገበው ነው፤ ምድሩ ተቆርጦ የተገለጠ የሚመስል ሁለት የጥቁር ግራናይት ግንብ፣ ሐውልት የሌለበት፣ የሟቾቹ ስም በሞቱበት ቀን ተራ የተቀረጸበት። የነደፈችው በዬል ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የምትማረው የ21 ዓመቷ ማያ ሊን ስትሆን፣ ሥራው የክፍል ትምህርት ነበር። ንድፏን ከመጀመሯ በፊት በኅዳር 1980 ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር ተጉዛ ሜዳውን በእግሯ ዞራ አይታው ነበር።