ሽጉጥ ጎርሶ ይያዝ ወይስ ባዶውን? ከ150 ዓመት በላይ የቆየ ክርክር

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የነዳጅ ማደያ ሱቅ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በቅርቡ ደወለና «እትዬ፣ በአገሩ ሕግ ሽጉጥ ገዝቻለሁ» አለኝ። ገና ከድንጋጤዬ ሳልመለስ ጥያቄውን አስከተለ። «የሥራ ጓደኞቼ ጥይት አጉርሰህ ካልያዝከው ከድንጋይ አይሻልም ይሉኛል። ሚስቴ ደግሞ ልጆች ባሉበት ቤት የጎረሰ ሽጉጥ አይገባም ብላለች። ማንን ልስማ?»

እኔ ነጋዴ እንጂ ወታደር አይደለሁም። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሣኝና ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ። ክርክሩ የወንድሜና የሚስቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ አያቶቻችን ሳይወለዱ እንደተጀመረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከእናንተም መካከል ዘመዱ በውጭ አገር ሱቅ የሚያድርበት፣ ወይም እዚሁ መጋዘኑን በታጠቀ ዘበኛ የሚያስጠብቅ ብዙ ስለሆነ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ስለ አንዲት ሴኮንድ ነው

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በአሁኑ ዘመን ሽጉጥ ጥይቱ የሚቀመጠው በእጀታው ውስጥ በሚገባው ካዝና ነው። ካዝናው ሙሉ ቢሆንም ሽጉጡ ካልተቀባበለ አይተኩስም። የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ሲለቀቅ አንድ ጥይት ወደ በርሜሉ ይገባል፤ ጎረሰ የሚባለው ይሄኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቃታ መሳብ ብቻ ይበቃል።

ማቀባበል ለሠለጠነ ሰው አንድ ሴኮንድ ያህል ቢወስድ ነው። ነገር ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። «አጉርሶ መያዝ ነው» የሚሉት፣ ዘራፊ ያቺን ሴኮንድ አይሰጥም፣ አንደኛው እጅህም ልጅ አቅፎ ወይም ሰው እየገፋ ሊሆን ይችላል ይላሉ። «ባዶውን ይሁን» የሚሉት ደግሞ ያቺው ሴኮንድ በልጅና በሞት መካከል የቆመች አጥር ናት ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክርክሩ ያላለቀውም ለዚህ ነው።

ስድስት ጎራሽ፣ አምስት ጥይት

በፊልም የምናየውን የካውቦይ ሽጉጥ አስታውሱ። የአሜሪካ ጦር በ1873 የተቀበለው የኮልት ስድስት ጎራሽ ነው። ስሙ ስድስት ጎራሽ ይሁን እንጂ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች አምስት ጥይት ብቻ ያጎርሱት ነበር። የሽጉጡ መዶሻ ጫፍ ላይ ሹል መርፌ አለ። መዶሻው ሲተኛ መርፌው በቀጥታ የጥይቱ ቂጥ ላይ ያርፋል። ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው ከተመታ፣ ማንም ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል። ስለዚህ በመዶሻው ሥር ያለው ቀዳዳ ባዶ ይተው ነበር።

ይህን ያላደረገ ምን እንደሚያገኘው ያሳየው በኋላ ስሙ የገነነው ዋያት ኧርፕ ነው። በጥር 1876 ካንሳስ ውስጥ በዊቺታ ከተማ ፖሊስ ሳለ፣ በአንድ መጠጥ ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጦ ሽጉጡ ከአፎቱ ሾልኮ ወደቀ። መዶሻው ወንበር መታና ባረቀ። ጥይቱ የራሱን ኮት በስቶ፣ ግድግዳ ነጥሮ በጣሪያው ወጣ። ሰው አልሞተም፤ የከተማው ጋዜጣ ግን ጻፈበት። ስመ ጥር ተኳሽ መሆን ከመውደቅ ሕግ አያድንም።

ቀስ በቀስ ፋብሪካዎቹ ለችግሩ መፍትሔ አበጁ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አይቨር ጆንሰን የተባለው ፋብሪካ ቃታ ካልተሳበ በስተቀር መዶሻው መርፌውን እንዳይነካ የሚያደርግ ብረት ሠራ። በማስታወቂያውም የሽጉጡ መዶሻ በእውነተኛ መዶሻ ሲመታ ያሳይ ነበር። ሩገር ደግሞ በ1973 በካውቦይ ዓይነቱ ሽጉጥ ላይ ተመሳሳይ ብረት አስገባ፤ የድሮዎቹንም በነፃ እቀይራለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ስድስቱንም አጉርሶ መያዝ ተቻለ። ልብ በሉ፤ አምስት ጥይት ብቻ ማጉረሱ ፍርሃት አልነበረም። ማሽኑ ጉድለት ስለነበረው የተሰጠ መልስ ነበር። ማሽኑ ሲስተካከል መልሱም ተለወጠ።

ሻንጋይ፣ ጦሩና እስራኤል

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በወደብ ከተማዋ ሻንጋይ፣ የውጭ ዜጎች በሚያስተዳድሩት ሰፈር፣ ወንጀል የበዛበት ጎዳና ላይ የሚሰማራ ፖሊስ ነበር። ቻይናውያን፣ ሲኮችና አውሮፓውያን ነበሩበት። አሠልጣኛቸው ዊሊያም ፌርቤርን ይባላል። እርሱ የመረጠው መንገድ፣ ካዝናው ሙሉ፣ በርሜሉ ባዶ ነው። ፖሊሱ ሽጉጡን ሲመዝ በዚያው እንቅስቃሴ አቀባብሎ እንዲተኩስ ደጋግሞ ይለማመዳል። የሴፍቲ ቁልፉንማ ሰው በጭንቀት ሰዓት ይረሳዋል ብሎ እንዳይሠራ አስቸነከረው። ከጓደኛው ከኤሪክ ሳይክስ ጋር በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘዴውን አስረድተዋል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚተኮስባቸው ነበሩ፤ ሆኖም ባዶውን መያዝ አላሳፈራቸውም።

የአሜሪካ ጦርም በ1911 የተቀበለው፣ ጆን ብራውኒንግ የሠራው ሽጉጥ ሁለት ሴፍቲ እያለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበረው መመሪያ ውጊያ በቅርብ ካልተጠበቀ በርሜሉ ባዶ ይሁን ይል ነበር። ውጊያ ሲቃረብ ብቻ ይጎርሳል፤ ሴፍቲውም ይቆለፋል። ጡረተኛው የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ጄፍ ኩፐር ይህን ተቃወመ። በ1976 በአሪዞና ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ የጎረሰና ሴፍቲው የተቆለፈ ሽጉጥ ነው ለመከላከያ የሚሆነው ብሎ አስተማረ። ሆኖም አብሮ ያስተማረውን አንርሳ፤ ዒላማህ ላይ እስክታነጣጥር ድረስ ጣትህን ከቃታ አርቅ ይል ነበር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ይተዋል።

ባዶውን የመያዝ ልማድ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው በእስራኤል ስም ነው። ምክንያቱ ሲነገር፣ ከመንግሥቱ ምሥረታ በፊት ታጣቂዎቹ ከየአገሩ የተለቀመ፣ ሴፍቲው የማይመሳሰል ሽጉጥ ስለያዙ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሥልጠና አስፈለጋቸው ይባላል። አቀባብሎ መተኮስ በየትኛውም ሽጉጥ ይሠራል። በዚያ አገር በጦር ሠራዊትና በጥበቃ ሥራ የተሰማሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ይህን ልማድ ያውቁታል።

ዋሽንግተን የከፈለችው ዋጋ

በ1982 የኦስትሪያ ጦር ጋስተን ግሎክ የሠራውን ሽጉጥ ተቀበለ። ግሎክ በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። መጠበቂያው ቃታው ላይና ውስጡ ነው። ቢወድቅ እንዳይተኩስ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ጣት ቃታውን ከሳበው ግን ይተኩሳል። የዋያት ኧርፕን ችግር ፈታ፤ የጣትን ችግር ግን ለሰው ተወ።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ ፖሊሱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን ሽጉጥ ያዘ። በዚያው ሰሞን ብዙ አዲስ ፖሊሶች በጥድፊያ ተቀጠሩ፤ ሥልጠናውም አነሰ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ1998 እንዳጋለጠው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ120 በላይ ጊዜ ሽጉጥ ባርቋል። ራሳቸውንና የሥራ ጓደኞቻቸውን ያቆሰሉ ፖሊሶች ነበሩ። እነዚህ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ተኩስ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ወንድሜ ግን ሲነጋ ደክሞት የሚገባ ሱቅ ጠባቂ ነው።

«ባረቀ» የምንለው ቃል

በአማርኛ «ባረቀበት» እንላለን፤ ጥፋቱን ለብረቱ የሰጠን ይመስላል። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ የሞያሌና የማርሳቢት መንገድ አስፋልት ሳይሆን፣ መኪኖቻችን በታጠቁ አጃቢዎች ተሰልፈው ይጓዙ ነበር። አንድ ቀን አንዱ አጃቢ ከጭነቱ ላይ ሲዘል ጠመንጃው ባረቀ። ጥይቱ የባቄላ ጆንያዬን በስቶ አለፈ። ከጆንያው ሥር ረዳቱ ተኝቶ ነበር፤ እግዜር አተረፈው። ያን ቀን ሽፍታ አልመጣብንም። ሞት የመጣብን ከጠባቂያችን እጅ ነው።

በእኛ መንገድ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አገሮቻችን በሚያዝያ 2004 ናይሮቢ ላይ የቀላል መሣሪያ ዝውውርን ለመግታት ፕሮቶኮል ፈርመዋል። ኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ2012 አዋጅ ቁጥር 1177 አውጥታለች። የአንዱ አገር ፈቃድ ድንበር አያሻግርም። ሽጉጥ ይዞ ኬላ የሚያልፍ ነጋዴ ከሽፍታ ቢያመልጥ ከእስር አያመልጥም። ለነጋዴ ከሽጉጥ የጠቀመን ጥሬ ገንዘብ አለመያዝ ነው። ኤምፔሳ በኬንያ በ2007፣ ቴሌብር በኢትዮጵያ በ2021 ከመጡ ወዲህ እኔ በጉዞ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳና ከአልጋ ገንዘብ በላይ አይገኝም።

ለወንድሜ የመለስኩለት

ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ደወልኩለት። «ጥያቄው የወንድነት አይደለም» አልኩት። «ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ሽጉጥህ ቢወድቅ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም? እጅህ ምን ያህል ሠልጥኗል? የምትገባበት ቤት ውስጥ ማን አለ?» የመጀመሪያው መልካም ነው አለኝ። ለሁለተኛው፣ ከገዛው ወዲህ የተኮሰው አንድ ቀን ብቻ ነው። ለሦስተኛው ዝም አለ።

«እንግዲያው አቀባብለህ አትያዘው» አልኩት። «በየሳምንቱ ተለማምደህ፣ ቃታውን በደንብ የሚሸፍን አፎት ገዝተህ፣ ያን ጊዜ እንደገና አስብበት። ከሥራ ስትገባ ግን ሁልጊዜ ጥይቱ ወጥቶ ሽጉጡ በቁልፍ ሣጥን ይቀመጥ። በዚህ ሚስትህን ስማት። ዘራፊ ገንዘብ ካለህ ደግሞ ስጠው፤ የባለቤቱ ገንዘብ ነው፤ አንተን ግን የሚተካህ የለም።»

ጥቂት ቆይቶ «እትዬ፣ ሣጥኑን ዛሬ እገዛለሁ» አለኝ። ማታ ሚስቱ ደወለችልኝ። ሣጥኑ ተገዝቷል፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው።