ቃል፣ እማኝና መዝገብ፦ የቤት ሽያጭ ውል በኢትዮጵያ የፍርድ ታሪክ



ገለጻዬን በምሳሌ ልጀምር። ከማሻ የመጣ አንድ ገበሬ በመካነ ሰላም ከተማ ቤት ገዛ እንበል። ውሉ በጽሑፍ ሰፈረ፤ እማኞች ፈረሙ፤ ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ቁልፉም ተሰጠ። ከዓመታት በኋላ የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ «ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት አልተመዘገበምና ቤቴን ይመልስልኝ» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የትኛውን ያጽና? የተሰጠውን ቃል ወይስ የጎደለውን መዝገብ? ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ ያጠናቸው እነዚህ ጽሑፎች ከሻጭና ከገዢ ጋር ዋሶችንና እማኞችን በስም ይዘረዝራሉ። ሻጭ ቃሉን ቢያጥፍ የሚጠየቅ ዋስ፣ የሚመሰክርም እማኝ ነበረ። ብራናው የሰዎቹን ትውስታ የሚያጸና እንጂ የሚተካ አልነበረም።

በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት ተዘጋጅቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የውሉን ጉልበት ከሰው ወደ ወረቀት አዛወረው። በአንቀጽ 2877 መሠረት በጽሑፍ ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ አይጸናም። አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን በተሰጠው አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። በሕግ የታዘዘውን አጻጻፍ ያላሟላውን ውል አንቀጽ 1720 «ረቂቅ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በአንቀጽ 3363 የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከቱትን ድንጋጌዎች ሥራ ላይ መዋል ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ላይ አንጠልጥሎ ተወው። ፎርሙ ቀድሞ መጣ፤ ፎርሙን የሚሸከመው ተቋም ወደ ኋላ ቀረ።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረጉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ስለዚህ የማሻው ገበሬ እርሻውን ለመሸጥ ቢዋዋል ፍርድ ቤት አያስፈጽምለትም፤ የገዛው የከተማ ቤት ግን ሊሸጥ የሚችል ንብረት ነው። የክርክሩ ማዕከልም ቤቱ ሆነ።

አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠውን የሕግ ትርጉም አስገዳጅ አደረገ። ችሎቱም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 አንቀጽ 1723ን ተርጉሞ፣ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ቢደረግም ካልተመዘገበ በሕግ ፊት እንደማይጸና ወሰነ። ውል ሲፈርስ ደግሞ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፦ ቤቱ ለሻጭ፣ ገንዘቡ ለገዢ።

የዚህ ትርጉም ምክንያት ቀላል አይደለም። ምዝገባ አንድን ቤት ለሁለት ሰው ከመሸጥና በሐሰት ሰነድ ከመቀማት ይከላከላል። ዳሩ ግን የሚመለሰው ገንዘብ ያኔ ቤት የገዛ፣ ዛሬ ግን ጣሪያውን እንኳ የማይሸፍን ሊሆን ይችላል። ሽያጩን የማይክድ፣ ዋጋውን የተቀበለ ሻጭ በራሱም ጉድለት ሲያተርፍ፣ ለጥበቃ የታሰበው ፎርም የክህደት መሣሪያ ይሆናል።

በእኔ እምነት የታሪኩ ትምህርት ፎርም ይቅር የሚል አይደለም። የጎንደሩ ብራናም ፎርም ነበር፤ የጸናው ተዋዋዮቹ በሚያውቁትና በሚደርሱበት ስፍራ ስለ ነበር ነው። ምዝገባን የሚያስገድድ መንግሥት መዝገቡን ለገበሬውም የማቅረብ ዕዳ አለበት። እስከዚያው ድረስ የሽያጩን መደረግ አምኖ ዋጋውን የተቀበለ ሻጭ በምዝገባ ጉድለት እንዲያመልጥ መፍቀድ ሕጉ የቆመለትን ዓላማ ይጻረራል። ውድ ተማሪዎች፣ አንቀጽ 1723ን ስታነቡ «ለዚህ ሰው አዋዋዩ የት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።