ሾላኪ ኮረንቲ ቆራጭ፦ ሰውን የሚጠብቀው ብሬከር

በልደታ ክፍለ ከተማ አሮጌ ግቢዎች፣ ኤሌክትሪሺያን የሚጠራው መብራት ሲጠፋ ብቻ አይደለም። «ምጣዱ ይነዝረኛል» የምትል እናት ታስጠራዋለች፤ ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ግድግዳ የሚነዝራቸው ጎረቤቶችም ያስጠሩታል። ባለሙያው መጥቶ የተላጠውን ሽቦ በናስትሮ ይጠቀልላል፣ የላላውን ሶኬት ያጠብቃል፣ ያረጀውን ብሬከር ይቀይራል። ቤተሰቡም «አሁን አዲስ ብሬከር አለን» ብሎ ይረጋጋል። መረጋጋቱ ግን ያለ ቦታው ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከልኩ በላይ ሲጫንበት፣ ወይም ሾርት ሲፈጠር፣ ሽቦው ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ይቆርጣል። በ220 ቮልት የሚሠራ 3,500 ዋት ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ይበቃል። ሰው ኮረንቲ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ለብሬከሩ አንዲት ትንሽ አምፖል የበራች ያህል እንኳ አይቆጠርም።

ሰውን እንዲጠብቅ የተሠራው ዕቃ ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አርሲዲ ይሉታል። ቃል በቃል እንተርጉመው ካልን «የቀሪ ኮረንቲ መሣሪያ» ይሆናል፤ ይህ ግን ያሳስታል። «ቀሪ» ሲባል ማጥፊያው ከተጫነ በኋላ ሽቦ ውስጥ የተረፈ ነገር ይመስላል። ጉዳዩ ከመንገዱ ሾልኮ የወጣ ኮረንቲ ስለሆነ «ሾላኪ ኮረንቲ ቆራጭ» ብንለው ይሻላል እላለሁ፤ ሲያጥር «ሾላኪ ቆራጭ»። በ«ኮረንቲ» ፈንታ «ጅረት» ወይም «ፍሰት» የሚመርጡ ይኖራሉ። ከጣሊያንኛ ቢመጣም ኮረንቲ የቤታችን ቃል ከሆነ ቆይቷል፤ የተነዘረ ሰው «ኮረንቲ ያዘኝ» ነው የሚለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በፌዝ የገባው ኮረንቲ ሥራውን ሠርቶ በኒውትራል መመለስ አለበት። መሣሪያው ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ አሳልፎ፣ ጠዋት ያሰማራቸውን ማታ በረት ሲያስገባ እንደሚቆጥር እረኛ፣ የወጣውንና የተመለሰውን ያመዛዝናል። ከጎደለ፣ ጎዶሎው በሰው አካል ወይም በእርጥብ ግድግዳ በኩል ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ነው። ለቤት የሚመከረው ጎዶሎው 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ቢበዛ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ መስመሩን የሚቆርጠው ነው።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ረጅም ጥናት አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ዳልዚል ኮረንቲ የሰውን ጡንቻ ጨብጦ የሚያስቀረው ስንት ሲደርስ እንደሆነ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ለክተው ነበር። ለወንዶች በአማካይ 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። «ያዘኝ» የምንለው እንግዲህ እውነተኛ አነጋገር ነው። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካኖች የሚጠቀሙበትን ሾላኪ ቆራጭ ሠሩ።

ለአሮጌ የጭቃ ቤቶች ዕቃው የበለጠ የሚያስፈልገው ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር ብዙ ጊዜ ስለሌላቸው ነው። ግራውንድ ካለ፣ የምጣዱ ብረት ኮረንቲ ሲያገኘው ማንም ሳይነካው መስመሩ ይቆረጣል። ከሌለ መቆረጡን የሚያስጀምረው የነካው ሰው ነው፤ ይነዘራል፣ ይደነግጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይተርፋል። ስለዚህ ሁለቱም ቢኖሩ ይመረጣል፤ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ግን ከሾላኪ ቆራጩ ይጀምር።

ከተገጠመ በኋላ ጠብ የሚነሳው በምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥሩ በተቦረቦረ ሸክላ ውስጥ የተዘረጋ የሚግል ሽቦ ነው፤ ሽቦው በጀሶ ይደፈናል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥና ውኃ ወደ ሽቦው ይሰርጋል፣ ኮረንቲውም በእርጥበቱ በኩል ይሾልካል። ያኔ መሣሪያው ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ይቆርጣል። «ዕቃው ብልሹ ነው፣ አውጣልኝ» የሚል ደንበኛ ይኖራል። ባለሙያ እሺ ማለት የለበትም። የታመመው ምጣዱ ነው፤ ደርቆ ይሞከር፣ እምቢ ካለ ይጠገን ወይም ይለወጥ።

ሌላው ችግር አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ በሚያገለግልበት ግቢ የሚያጋጥም ነው። ፌዙ ከአንዱ ቤት፣ ኒውትራሉ ከጎረቤት ተጎትቶ ከሆነ፣ የወጣው በገባበት ስለማይመለስ መሣሪያው ያለማቋረጥ ይቆርጣል። እዚህ ጋ አቋራጭ የለም፤ መስመሮቹ እየተፈተሹ የእያንዳንዱ ቤት ፌዝና ኒውትራል መለየት አለባቸው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የነዋሪው ኃላፊነት ስለሆነ ጎረቤት ተነጋግሮ ወጪውን ቢጋራው ጥሩ ነው።

ሲገዙ «30 ሚሊአምፔር» የሚለውን ጽሑፍ ይፈልጉ። 300 የተጻፈበት እሳት ለመከላከል ነው፣ ለሰው ዘግይቶ ይደርሳል። መሣሪያው ብቻውን ጭነት ስለማይቆጣጠር ተራው ብሬከር ከጎኑ ይቀመጣል፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ አካል የሚሠራም ይሸጣል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ መጫን ነው፤ ወዲያው ካልቆረጠ ይቀየር። ፌዝና ኒውትራልን በሁለት እጁ የያዘን ሰው ግን አያድንም፤ የወጣው ሁሉ ስለሚመለስ ጎዶሎ አያይም። ሕፃናት ባሉበት ቤት የሶኬት መክደኛው አሁንም ያስፈልጋል።