የገና ጨዋታ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

የገና ጨዋታ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩር የተባለችውን ትንሽ ድቡልቡል በመለጋት ሁለት ወገኖች የሚፎካከሩበት፣ በልደት በዓል ሰሞን የሚዘወተር የኢትዮጵያ ደጋማ አገር የሜዳ ጨዋታ ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴም የእረኞችና የጎረምሶች ጨዋታ ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ሩሯ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከሥር ተጠርባ፣ አንዳንዴም ከቆዳ ተጎንጉና ትሠራለች። የቃል ትውፊት የጨዋታውን መነሻ የክርስቶስን መወለድ ሰምተው በደስታ በትራቸውን ይዘው ከተጫወቱት የቤተ ልሔም እረኞች ጋር ያያይዘዋል፤ ትረካው የጨዋታውን ዕድሜ ለመወሰን ባያገለግልም፣ ጨዋታው በመጀመሪያ የማን እንደ ነበረ ግን በትክክል ያመለክታል።

ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈለው መንዝ የገብስና የበግ አገር ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም መሬቱ ደረቅ ነው፤ ሰብሉ ስለሚሰበሰብም ክረምቱን ሙሉ በእህል ተይዞ የቆየው ማሳ ለከብትና ለልጆች ክፍት ይሆናል። ጨዋታው ከዚህ ወቅት ጋር የተቆራኘው በበዓሉ ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ ሜዳ የሚገኘው በዚያን ጊዜ በመሆኑም ጭምር ነው። በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች በተቆራረጠው በመርሐቤቴ ሰፊ ሜዳ የሚገኘው በዋናነት በዓለም ከተማ ዙሪያ ባለው አምባ ላይ ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ ራቤል የሆነችው ግሼ ግን በአቀማመጧ ለመንዝ ደጋ ትቀርባለች።

የቡድኑ አመሠራረት የጨዋታው ዋና መለያ ነው። በመዝገብ የሠፈረ አባልነት፣ ቋሚ የቡድን ስም ወይም የተወሰነ የተጫዋች ቁጥር አልነበረም፤ መንደር ከመንደር፣ አጥቢያ ከአጥቢያ፣ የላይኛው ሰፈር ከታችኛው ይገጥማል። ተጋጣሚዎቹ ከአንድ መንደር የወጡ ከሆኑ የቡድን አባቶች የሚባሉ ሁለት መሪዎች ይሰየሙና፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በምስጢር የያዙትን ስም አቅርበው ያስመርጧቸዋል፤ አቻ ለአቻ የቆሙት ሁለቱ በዚህ መንገድ በዕጣ ስለሚለያዩ የሁለቱ ወገን ጉልበት ይመጣጠናል። ይህም ሚና መለየት ይባላል፤ ወገንን አውቆ መቆም ማለት ነው። ልጆች ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት በግጦሽ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ ይሰነብቱና፣ ጎልማሶች የሚታከሉበት ትልቁ ግጥሚያ በልደት ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 ይካሄዳል።

ግቡ ሩሯን ከተቃራኒው ወገን ወሰን ማሳለፍ ነው። ዱላ ከቅልጥም ስለሚጋጭ ጉዳት አይጠፋም፤ ጨዋታው ፀሐይ እስክትጠልቅ ሊዘልቅም ይችላል። ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ፣ የተሸነፈውንም በግጥም እየሰደበ ወደ ባላባቱ ቤት ይሄድና ይጋበዝ ነበር። በዚያ ዕለት ጌታ በሎሌው ስድብ የማይቆጣ መሆኑ በልማድ የታወቀ ነበር፤ የማዕረግ አክብሮት እጅግ በጠበቀበት ኅብረተሰብ ይህ ፈቃድ ከጨዋታው ውጤት ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነው።

የዱላ ጨዋታ በሌላው ዓለም በማኅበር የተደራጀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ የአየርላንዱን ኸርሊንግ የሚመራው ማኅበር በ1884፣ በካናዳ የኦንታሪዮን የበረዶ ሆኪ የሚመራው በ1890፣ የስኮትላንዱን ሺንቲ የሚመራው በ1893 እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ። ገና ግን ለረጅም ጊዜ ሊጉን የሚተካለት የበዓል አቆጣጠርና የአጥቢያ ወሰን ነበር። በአዲስ አበባ ጃንሜዳ የጨዋታው የታወቀ መድረክ ሆኖ ቆይቷል፤ በኋላም የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ክልሎች ከሚወዳደሩባቸው ስፖርቶች አንዱ አደረገው። በውድድሩ ሜዳው ይለካል፣ የተጫዋች ቁጥር ይወሰናል፣ ዳኛም ይቆማል፤ የአሸናፊዎቹ የስድብ ግጥምና የባላባቱ ግብዣ ግን በደንቡ ውስጥ ስፍራ የላቸውም።