ሊሊ ቡላንዤ እና አሥራ ሦስቱ ዘፈኖች

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ጽሑፍ ስጪን» ሲሉኝ ስለ ሕክምና ትምህርት ቤታችን የድሮ ዋርዶች እንደምጽፍ የገመቱ ይመስለኛል። ይቅርታ ይደረግልኝ፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ታላላቆቻችን አሉ። እኔ የምጽፈው በ24 ዓመቷ ስለሞተች አንዲት የፓሪስ የሙዚቃ ደራሲና ለድምፅና ለፒያኖ ስለጻፈቻቸው አሥራ ሦስት ዘፈኖች ነው። ነገሩ ከሙያችን ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። ግንኙነቱን ያሳየኝ ደግሞ የራሴው ስህተት ነው።

ስህተቱን ልናገር። ፒያኖ በልጅነቴ ተምሬ፣ ኢንተርን ስሆን ትቼው፣ አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው የተመለስኩበት። አንዱ የባቻችን ልጅ፣ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሆነው፣ ጥሩ የቴኖር ድምፅ አለው። ባለፈው ዓመት በአንድ ጓደኛችን ቤት ስንሰባሰብ ከአሥራ ሦስቱ አራቱን አዘጋጅተን ቀረብን። ከመጀመራችን በፊት «ስለ ደራሲዋ ትንሽ ልበል» ብዬ ተነሣሁ። ትንሹ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ሕመሟን፣ ስቃይዋን፣ በለጋነቷ መቀጨቷን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ መሐረብ ያወጡም ነበሩ። ከዚያ አራቱንም ዘፈኖች በዝግታ፣ አራቱንም እንደ ለቅሶ ተጫወትን። ተጨበጨበልን። የውስጥ ደዌ ያስተማሩንና አሁን በጡረታ ላይ ያሉት መምህራችን ግን ወደ ጎን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ሂስትሪውን አሳምረሽ ወስደሻል፤ ፊዚካሉስ የታል?» አሉኝ። ልክ በራውንድ ላይ እንደነበረው ጊዜ ፊቴ ጋለ።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ልሞክር።

ሊሊ ቡላንዤ እ.ኤ.አ. በ1893 ፓሪስ ተወለደች። አባቷ ኤርነስት ቡላንዤ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፤ እሷ ስትወለድ 77 ዓመታቸው ነበር። እናቷ ሩሲያዊት ናቸው። በሁለት ዓመቷ ብሮንካይተስ የተቀላቀለበት ከባድ የሳንባ ምች ያዛት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ጤና የሚባል ነገር አልነበራትም። ስድስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ሞቱ። ትምህርቷን የተማረችው ሕመሙ ፋታ ሲሰጣት፣ አብዛኛውንም በቤት ነው። የታላቅ እህቷ ናዲያ ስም ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የሙዚቃ መምህር የሆነችው ናት።

በዚያን ጊዜ ለአንድ ወጣት የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲ ትልቁ በር «ፕሪ ደ ሮም» የሚባለው ውድድር ነበር። አባትየው በ1835 አሸንፈውታል። ለሴቶች የተፈቀደው ግን በ1903 ነው። ናዲያ በ1908 ሁለተኛውን ሽልማት አገኘች። ተወዳዳሪዎች ለሳምንታት ከሰው ተለይተው ተዘግቶባቸው ነው የሚጽፉት፤ ለጤነኛም የሚከብድ ነገር ነው። ሊሊ በ1912 ገባች፤ ታመመችና አቋርጣ ወጣች። በ1913 ተመለሰች፤ በ19 ዓመቷ «ፋውስትና ኤሌን» በተባለው ካንታታ አንደኛ ወጣች። በሙዚቃ ድርሰት አንደኛውን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

አሥራ ሦስቱን ዘፈኖች የጻፈችው ወዲያው ከዚህ ድል በኋላ፣ በ1913 እና በ1914፣ ከፊሉንም ሽልማቱ ባስገኘላት የሮም ቆይታ ነው። ይህን ቀን አስምሩበት፤ እኔ በዚያ ምሽት የዘለልኩት እሱን ነበር። ጦርነቱ ገና አልፈነዳም፤ ልጅቱ ሃያ ዓመቷ ነው፤ አሸንፋለች፤ አሳታሚም ይፈልጋታል።

የሞተችው በመጋቢት 15 ቀን 1918 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 1910 መሆኑ ነው። ፓሪስ ስለምትደበደብ ቤተሰቡ ወደ ሜዚ ወጥቶ ነበር። የመጨረሻውን ሥራዋን እስክሪብቶ መያዝ ስላቃታት ቃል በቃል ለናዲያ እየነገረች ነው ያስጻፈችው። ከአሥር ቀን በኋላ ደቡሲ ሞተ። የፈረንሳይ ሙዚቃ በአንድ ወር ሁለት ሰው ቀበረ።

አሁን ወደ እኛው ሙያ። ያኔ የተሰጣት ምርመራ የአንጀት ቲቢ ነበር። ዛሬ ስለ እሷ የሚጽፉት አብዛኞቹ ክሮንስ ነው ይላሉ። ክሮንና ባልደረቦቹ በሽታውን ኒው ዮርክ ላይ የገለጹት በ1932 ነው፤ እሷ ከሞተች 14 ዓመት በኋላ። የሚገርመው፣ ዳልዚል የተባለ የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ተመሳሳይ በሽታ ገልጾ የጻፈው በ1913፣ ልክ እሷ ባሸነፈችበት ዓመት ነው፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም እንጂ። እኛም ዋርዳችን ውስጥ ዛሬም የምንጨነቅበት ጥያቄ ነው፤ አንጀቱ ቆስሏል፣ ሰውየው ከስቷል፣ ባዮፕሲው ቁርጥ ያለ ነገር አይናገርም፣ ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት እንሰጥና እናያለን። ለሊሊ ግን ልዩነቱ ምንም አይፈይድም ነበር፤ ለሁለቱም መድኃኒት አልነበረም። እኔም ይህን ሁሉ አውቄ ሃያውን ደቂቃ በዲያግኖሲስ ጨረስኩት።

ወደ ፊዚካሉ ልግባ። ፈረንሳዮች «ሜሎዲ» የሚሉት ዘፈን ለአንድ ድምፅና ለአንድ ፒያኖ የተጻፈ ነው። ከፒያኖው በፊት ግጥም አለ፤ የደራሲው ሥራ ቃሉን ሳይጎዳ ማንሣት ነው። የቤተሰቡ ወዳጅ የነበረው ፎሬ የዚህ ጥበብ አለቃ ነው፤ ዱፓርክና ደቡሲም ይዘፈናሉ። የሊሊ ስብስብ ግን ከእነሱ ጎን ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ርእሱ «ክሌሪዬር ዳን ለ ሲየል» ነው፤ በደመና መሃል የሚታይ የሰማይ ክፍተት እንደማለት። ግጥሞቹ የፍራንሲስ ዣም ናቸው፤ በ1906 በወጣ መድበሉ ውስጥ ካሉት 24 ተከታታይ ግጥሞች 13ቱን መረጠች። ለምን 13? ስሟ 13 ፊደል ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ራሷ ምልክት ታየው ነበር። ፈረንጅ 13ን ይፈራል፤ 13 ወር ያለን እኛ ግን ምን ቸገረን።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው አንዲት ልጅ ይወዳል፣ ልጅቱ ትሄዳለች፣ ሰውየው ከትዝታዋ ጋር ይቀራል። ለምን እንደሄደች ግጥሞቹ አይናገሩም። ሞተችም አይሉም! ይህን ያስተዋልኩት ከመምህሬ ወቀሳ በኋላ ግጥሙን እንደገና ሳነብ ነው። ሞቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ከደራሲዋ ካርድ ላይ ገልብጬ።

ሦስተኛውን ዘፈን ውሰዱ። አጭር ነው። ሰውየው አዝኗል፤ ድንገት እሷን ያስባል፤ ይደሰታል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደምትወደው ስለማያውቅ መልሶ ያዝናል። ሦስት መዞሪያ አለው፤ እኛ ቀጥ ባለ መንገድ ነዳነው። መሃሉን ከፈት ስናደርገው የመጨረሻው ሐዘን ሳንጫነው በራሱ መጣ። ስድስተኛው፣ ይህ ሁሉ ሕልም ቢሆንስ ብሎ የሚጠይቀው፣ የዋግነርን «ትሪስታን» የሚያስታውስ ኮርድ ያነካል፤ ይህ የምታለቅስ በሽተኛ ሥራ አይደለም፤ የሰማችውን የምታውቅ፣ ለታላቁ ሰው በጨዋታ የምትመልስ ወጣት ሥራ ነው።

አሥራ ሦስተኛው ከሁሉም ይረዝማል። ነገ አንድ ዓመት ስለሚሞላው ነገር ነው፤ ሙት ዓመት ለምናውቅ ሰዎች ስሜቱ አይጠፋንም። ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲደርስ የመጀመሪያው ዘፈን ሙዚቃ ይመለሳል፤ ልጅቱ ወደ መስኩ የወረደችበት ያ ብርሃን። አንደኛውን ደስ በሚል እጅ ካልተጫወታችሁት እዚህ ላይ የሚመለስ ነገር የለም። እኛ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እንባ ስለነከርናቸው መመለሱን ማንም አልሰማም፤ መምህሬ ግን መጥፋቱን ሰምተዋል።

ለምን ብዙ አይዘፈኑም? አንዱ ምክንያት ድካም ነው። ሙሉው ከግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ ፒያኖው ሰፊ እጅ ይፈልጋል፣ የቴኖሩም መስመር ከፍ ይላል፤ ዛሬ ሶፕራኖዎችም ይዘፍኑታል። ሌላው፣ ይመስለኛል፣ ያው እኔ የሠራሁት ነው፤ ሰው ሕይወቷን ሰምቶ ከንፈሩን ይመጥና ዘፈኑን ሳይሰማ ይሄዳል። ስለ ፈረንሳይኛው ግን አትፍሩ። በንግግር የሚዋጠው የቃል መጨረሻ አናባቢ በዘፈን ላይ ብዙ ጊዜ የራሱን ኖታ ያገኛል፤ የእኛ ሳድስ ለእሱ በጣም ቅርብ ስለሆነ ቀዶ ሐኪማችን ያለ አስተማሪ ነው የያዘው። በአፍንጫ የሚወጡት ድምፆች ናቸው ያስቸገሩት።

በዘንድሮው መሰባሰቢያ ምሽት አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውንና አሥራ ሦስተኛውን እናቀርባለን። መግቢያዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጽፌው ለመምህሬ አሳይቻለሁ፤ አንዱን ሰርዘውታል። የቀረው ችግር የአዳራሹ ፒያኖ ነው፤ መሃል ላይ ያሉ ሦስት ቁልፎች ድምፃቸው ወርዷል፤ አሥራ ሦስተኛው ደግሞ ሦስቱንም አብዝቶ ይነካል። ፒያኖ የሚቃኝ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ለአዘጋጆቹ ንገሩልን።