ከእጅ ወደ እጅ፦ የዘይት ቀለም ሙያ ጉዞ ከፓሪስ እስከ ሚኒያፖሊስ



አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሠዓሊ አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ የተነሣሁት ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ ለማስተማር ሳይሆን፣ አንድ ሙያ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንዴት እንደተላለፈ፣ የት ላይ ሊበጠስ እንደደረሰና በማን እጅ እንደተረፈ ለመመርመር ነው። ሙያው ዛሬ ክላሲካል ሪያሊዝም የሚባለው፣ ሰውንና ቁሳቁስን በብርሃንና በጥላ ዐይን እንደሚያያቸው አድርጎ በዘይት ቀለም የመሣል ጥበብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመከራከሪያ ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። ይህ ሙያ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምዕራቡ ዓለም ለመጥፋት የተቃረበው መጽሐፍ ወይም ቀለም ስለታጣ አይደለም። ሁለቱም ነበሩ። የጎደለው ከተማሪው ጎን ቆሞ ጉድለቱን በጣቱ የሚያመለክት መምህር ነው። ይህ ደግሞ ሥዕል ለማያስተምር የዩኒቨርሲቲ ክፍልም ጭምር የሚበቃ ትምህርት ያለው ይመስለኛል።

ነገሩን ከፓሪስ እንጀምር። ኤኮል ዴ ቦዛር የተባለው የፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1863 ድረስ በዋናነት ያስተምር የነበረው ንድፍን ነው። በዘይት ቀለም መሣል የሚሻ ወጣት ወደ አንድ ሠዓሊ የሥራ ቤት ይገባ ነበር፤ ፈረንሳዮች ይህን የሥራ ቤት አትልየ ይሉታል። በ1863 በወጣ የማሻሻያ ድንጋጌ ግን አትልየዎች በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ተቋቋሙ። ለሥዕል ከተሾሙት ሦስት መምህራን አንዱ ዣን ሌዎን ዤሮም ነበር። እርሱ ራሱ የፖል ዴላሮሽ ተማሪ ነበር፤ በተራውም ለ40 ዓመታት ያህል አስተማረ።

በአትልየው ውስጥ ቅደም ተከተል ይከበር ነበር። አዲስ ገቢ በመጀመሪያ የሚሠራው ከጥንታውያን ሐውልቶች የተወሰዱ የጄሶ ቅርጾችን በከሰል መንደፍ ነው። ያንን ሲያጠናቅቅ በፊቱ ወደሚቆም ሰው ይሸጋገራል። ብሩሽ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ የእያንዳንዱን ሥራ ይመለከታል፤ ያርማል፤ ይሄዳል። በቀሩት ቀናት ነባሮቹ ተማሪዎች አዲሶቹን ይመሩ ነበር።

ይህ ቅደም ተከተል የቆመው በምክንያት ላይ ነው። የሰውን ፊት በቀለም የሚሥል ጀማሪ ቢያንስ አራት ችግሮች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል፤ ቅርጹ፣ የብርሃንና የጥላው መጠን፣ ቀለሙ፣ እንዲሁም የሞዴሉ መንቀሳቀስ። ጄሶ አይንቀሳቀስም፤ ነጭ ስለሆነም ስለ ቀለም አያስጨንቅም። ስለዚህ ተማሪው በሁለት ችግሮች ላይ ብቻ ያተኩራል። ወደ ዘይት ቀለም ሲሻገርም መጀመሪያ በግራጫ ወይም በቡናማ ብቻ ይሠራል። ኅብረ ቀለም የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። አንድ ችግር ሳይፈታ ሌላ አይደረብም።

ቁሳቁሱም ትዕግሥትን ያስገድዳል። የዘይት ቀለም ዋና ማያያዣ የተልባ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ከሥር ያለው ንብርብር ዘይት የበዛበት ከሆነና ከላይ ዘይት ያነሰው ቢቀባበት፣ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና በኋላ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ከሥር የሳሳው፣ ከላይ ዘይት የበዛበት ይሁን የሚለው ሕግ የወጣው። ሸራውም አስቀድሞ በሙጫ ይለበጣል፤ አለበለዚያ ዘይቱ ጨርቁን በጊዜ ብዛት ይበላዋል። እነዚህ ሕጎች በማንኛውም የሙያው መጽሐፍ ይገኛሉ። በመጽሐፍ የማይገኘው ሌላ ነው።

ወደዚያ ለመድረስ በዘመኑ የታተመ አንድ ሥራ ልጥቀስ። ከ1866 እስከ 1871 ድረስ ጉፒል የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ሻርል ባርግ ከዤሮም ጋር ያዘጋጀውን የንድፍ ትምህርት አወጣ። ሥራው 197 የሊቶግራፍ ሠሌዳዎች አሉት፤ በመጀመሪያው ክፍል የጄሶ ቅርጾች፣ በሁለተኛው የታላላቅ ሠዓልያን ንድፎች፣ በሦስተኛው የሰው አካል ቀርበዋል። በብዙዎቹ የመጀመሪያ ክፍል ሠሌዳዎች ላይ ሁለት ንድፎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ በቀጥታ መስመሮች ብቻ የተለካ ጅምር፣ ሌላው የተጠናቀቀው። ተማሪው ውስብስቡን ወደ ቀላል መስመር መልሶ እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ነው።

ሠሌዳውን ያለ መምህር መጠቀም ይቻላልን? ቪንሰንት ቫን ጎኽ ሞክሮታል። በ1880 እና በ1881 የባርግን ሠሌዳዎች ለብቻው ደጋግሞ ቀድቷል፤ በ1890፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመትም፣ ተመልሶባቸዋል። ጥቅም ማግኘቱ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ቀለም መቀባት በጀመረበት ጊዜ ይኸው ሰው ሄግ ከተማ ወደሚኖረው ዘመዱ፣ ወደ ሠዓሊው አንቶን ማውቨ ሄዶ ተምሯል። ሠሌዳው አንድ ደረጃ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ዐይን ይፈልጋል።

የአብነት ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የዜማ ምልክቶች በብራና ላይ ተጽፈዋል። ሆኖም ምልክቱን ብቻ ይዞ፣ ከመሪጌታው እግር ሥር ሳይቀመጥ፣ ዜማውን በትክክል ያደረሰ ተማሪ ማግኘት ይቸግራል። ምልክቱ የሚያስታውሰው አስቀድሞ በጆሮ የገባውን ነው። የባርግ ሠሌዳም ከእንዲህ ዓይነቱ ምልክት የሚለይ አይመስለኝም።

አሁን ሰንሰለቱ ወደሳሳበት ዘመን እንለፍ። ብዙ ጊዜ የእውናዊ ሥዕል ትምህርትን የገደለው ካሜራ ነው ይባላል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አባባል አይደግፍም። ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው፤ ዤሮም ማስተማር የጀመረው ከዚያ 25 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ አትልየውም ሞልቶ ነበር። ይልቁንም የተለወጠው የገዥውና የተቺው ጣዕም ነው፤ ከእርሱ ጋር የትምህርት ቤቶቹ ዓላማ ተለወጠ። ሠዓሊ ከቀደሙት የወረሰውን ሳይሆን ከራሱ የፈለቀውን እንዲያሳይ ተጠየቀ። በአሜሪካ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠዓልያን ሥልጠና በብዛት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባና በሴሚስተርና በክሬዲት ሰዓት ተሸነሸነ። አንድን የጄሶ ቅርጽ ለሳምንታት እየተመለከቱ መንደፍ በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በፓሪስም ከ1663 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው የሮም ሽልማት በ1968 ተሰረዘ።

በዚህ ጊዜ ሙያው በጥቂት ሰዎች እጅ ቀርቶ ነበር። ከዤሮም ተማሪዎች አንዱ የቦስተኑ ዊልያም ማግሬገር ፓክስተን ነው፤ በ1941 አረፈ። የፓክስተን ተማሪ ሮበርት ሄል አይቭስ ጋመል በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕል እንደ ሙያ እየመሸበት ነው ሲል አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያውን የሰማው ጥቂት ነው። ጋመል ግን በመጻፍ አላበቃም፤ በቦስተን በአንድ ጊዜ ጥቂት ወጣቶችን ብቻ እየተቀበለ አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ የሚኒያፖሊሱ ሪቻርድ ላክ ነበር። ላክ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በ1969 የራሱን አትልየ ከፈተ። ለሙያው ዛሬ የምንጠቀምበትን ስም፣ ክላሲካል ሪያሊዝምን፣ ያወጣለትም እርሱ ነው፤ በ1982 ለአንድ ዐውደ ርእይ ስም ሲፈለግ። እንግዲህ ስሙ ከነገሩ በእጅጉ ያነሰ ዕድሜ አለው።

ሁለተኛው ክር በፍሎረንስ ያልፋል። ፊላዴልፎ ሲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ፓሪስ ሄዶ በዤሮም ዘንድ ተማረ፤ ሙያውንም ለልጁ ለኔሪና አወረሰ። ኔሪና ሲሚ በፍሎረንስ በስቱዲዮዋ ለረጅም ዘመን አስተምራ በ1987 አረፈች። ከተማሪዎቿ አንዱ አሜሪካዊው ዳንኤል ግሬቭስ ነው። ግሬቭስ ከላክም ተምሯል። በ1983 የጋመልና የላክ ተማሪ ከሆነው ቻርልስ ሲሲል ጋር በፍሎረንስ ስቱዲዮ አቋቋመ፤ በ1991 ደግሞ የፍሎረንስ የሥነ ጥበብ አካዳሚን መሠረተ። በፓሪስ የተለያዩት ሁለት ክሮች ከመቶ ዓመት በኋላ በፍሎረንስ ተገናኙ ማለት ነው።

በእነዚህ እጆች የተላለፈው ምን ነበር? አንድ ልማድ እንመልከት። ተማሪው ሸራውን ከሚሥለው ነገር ጎን ለጎን ያቆማል። ከዚያ ወደ ኋላ ርቆ፣ ወለሉ ላይ ምልክት ካደረገበት ቦታ ሁለቱንም በአንድ እይታ ያስተያያል። ልዩነቱን ለማግኘት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ቱንቢ ያንጠለጥላል። ወደ ሸራው ሄዶ አንድ መስመር ያርምና ወደ ምልክቱ ይመለሳል። መምህሩ ሲመጣ ተማሪው ከምልክቱ ይነሣል፤ መምህሩ በዚያው ቦታ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ሰዎች አንድ ዐይን ይኖራቸዋል። መምህሩ ይህ ጥላ እጅግ ጠቁሯል ሲል ተማሪው ተመልሶ ቆሞ ሊያረጋግጥ ይችላል። በመጽሐፍ የማይገኘው ነገር ይህ ነው፤ ስለ ማየት የሚነገር ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን፣ ከተመሳሳይ ቦታ ሆኖ የሚደረግ እርማት።

እዚህ ላይ ታሪኩን እንዳላሳምረው ሁለት ነገር ማከል ይገባኛል። የመጀመሪያው፣ የተላለፈው ሁሉ እንደነበረ አልተላለፈም። የቦስተን ሠዓልያን የኢምፕሬሽኒስቶችን የብርሃንና የኅብረ ቀለም አያያዝ ከአካዳሚው ንድፍ ጋር አዋሕደዋል፤ ስለዚህ ላክ ያስተማረው የዤሮምን ሙያ ብቻ አልነበረም። በሌላ በኩል ዤሮም ተማሪዎቹን ያዘጋጅ የነበረው ብዙ ሰዎች ለሚታዩባቸው ታላላቅ የታሪክ ሥዕሎች ነው፤ ያንን የማቀናበር ችሎታ የኋለኞቹ ስቱዲዮዎች በተመሳሳይ ስፋት አልያዙትም። በትናንሽ ቤቶች ውስጥ የተረፈ ሙያ በቤቱ ልክ ይጠብባል።

ሁለተኛው፣ ሰንሰለቱ በሁሉም ቦታ አልሳሳም። በሶቪየት ኅብረት መንግሥት የአካዳሚውን ሥልጠና በሌኒንግራድና በሞስኮ በበጀት ደግፎ አቆይቶታል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ እጁን ያሠለጠነው መንግሥት እጁ ምን እንዲሥልም ይወስን ነበር። ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከአገራችን ሠዓልያን አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ፣ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ሄደው ተምረዋል፤ አለ በ1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሥርተዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ከዚያ የወጡ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት እየተላኩ ሠልጥነዋል። ስለሆነም በአገራችን የሚገኘው የእውናዊ ሥዕል ትምህርት ከቦስተን ሳይሆን በሌላ መንገድ የመጣ ነው፤ አንጋፋ መምህራኑም የዚያ መንገድ ምስክሮች ናቸው።

ይህን ስል የጥንቱ ይመለስ፣ ዘመናዊው ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ኤኮል ዴ ቦዛር ሴቶችን የተቀበለው በ1897 ነው፤ ዤሮም በምሥራቃውያን ሕይወት ላይ የሣላቸው ሥዕሎችም ዛሬ በብዙ ምክንያት ይተቻሉ። ሙያ ከባለሙያው አመለካከት ተለይቶ ሊወረስ ይችላል። ከዤሮም አትልየ አሜሪካዊው ቶማስ ኤኪንስና ሩሲያዊው ቫሲሊ ቬሬሽቻጊን ወጥተዋል፤ ሁለቱም በተማሩት እጅ መምህራቸው የማይሥለውን ሣሉ። መወረስ ያለበት ነፃነቱም ጭምር ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አንድ አንጋፋ መምህር ጡረታ ሲወጣ ከእርሱ የምንረከበው የትምህርት ዝርዝሩን፣ ፈተናዎቹንና የቢሮ ቁልፉን ነው። የባርግን 197 ሠሌዳዎች እንደ መረከብ ማለት ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን አይበቃም። ጋመል በ1946 የጻፈው መጽሐፍ ሙያውን አላዳነውም፤ ያዳኑት ከጎኑ አቁሞ ያስተማራቸው ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎቻችን ከመምህሩ መሰናበት ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድመው አንድ ወጣት መምህር አብሮት እንዲቆም ቢመድቡ፣ ያንንም ሰዓት እንደ መደበኛ ሥራ ቢቆጥሩት፣ ወጪው ትንሽ ነው። ይህን በጀት የሚወስኑ ሰዎች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ጥያቄዬም ለእነርሱ ነው።